ለአራስ ሕፃን የሚስማማ የማባበያ ጡጦ ስለ መምረጥ

ሕፃን መጥባትን ከማንም አይማርም፤ ከማኅፀን ይዞት የሚወለደው ጠባይ ነው። የሚጠባውም ሆዱን ለመሙላት ብቻ አይደለም፤ መጥባት ራሱ ያረጋጋዋል፤ ያስተኛዋልም። ስለዚህ ወተት የማይወጣበት፣ ሕፃኑ በባዶው የሚጠባው ጡጦ በየአገሩ ገበያ ይሸጣል። ብዙ እናቶች ይህን ዕቃ «የእንጀራ እናት» ይሉታል። ስሙ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት፤ ዕቃው የእናትን ጡት መልክ ይዞ የእናትን ምግብ አይሰጥምና።

ማባበያው ለሕፃን ግዴታ አይደለም፤ ያለ እርሱ ያደገ ልጅ የሚጎድለው ነገር የለም። ሆኖም ጥቅም አለው። በእንቅልፍ ጊዜ ሲሰጥ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት እንደሚቀንስ በምርመራ ታውቋል። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃንም በሐኪም ቤት ሳለ መጥባትን ይለማመድበታል። ነገር ግን ያለ ጥንቃቄ የተመረጠና የተያዘ እንደ ሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ይህም በተለይ እንደ ካርቱም ባለ ሞቃት ከተማ ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከኤፕሪል እስከ ጁን ባሉት ወራት ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚህ ወራት ሕፃን ጠምቶት ሊያለቅስ ይችላል። ባዶ ጡጦ በአፉ የተደረገለት እንደ ሆነ ዝም ይላል፤ ጥሙ ግን አይወጣለትም። ስለዚህ ሕፃን ባለቀሰ ጊዜ አስቀድሞ የእናቱን ጡት መስጠት ይገባል። ውሃ ሳይጨመርበት የእናት ወተት ብቻውን እስከ 6 ወር ድረስ ረሃብንም ጥምንም ይመልሳል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሕፃኑ በቀን 6 ጊዜ ያህል የሚሸና ከሆነ በቂ ወተት ማግኘቱ ይታወቃል፤ ሽንቱ ያነሰ ወይም የጠቆረ እንደ ሆነ ግን ማባበያውን ትቶ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ጡት የሚጠባ ሕፃንም ጡት መያዝን በደንብ እስኪለምድ፣ ማለትም እስከ 3 ወይም 4 ሳምንት ድረስ፣ ማባበያ ባይሰጠው ይመረጣል።

ወላጆች ለመግዛት የወሰኑ እንደ ሆነ የሚከተሉትን ይመልከቱ።

1ኛ/ አሠራሩ። ከአንድ ወጥ ነገር የተሠራ ቢሆን ይሻላል፤ የተገጣጠመ ዕቃ ሲላቀቅ ሕፃኑን ያንቃልና። በከንፈር ላይ የሚያርፈው ክፈፍ ወደ አፍ የማይገባ ሰፊ፣ ቢያንስ 2 የአየር ቀዳዳዎች ያሉት ይሁን። ቀዳዳዎቹ፣ ክፈፉ በድንገት ወደ አፍ ቢገባ እንኳ፣ ትንፋሽ እንዳይቆም ይረዳሉ። የወተት ጡጦን ጫፍ በጥጥ ሞልቶ በማባበያ ፈንታ መስጠት አደገኛ ነው።

2ኛ/ የተሠራበት ነገር። ቡናማው የተፈጥሮ ጎማ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን በፀሐይና በሙቀት ቶሎ ይሰነጠቃል። ነጣ ያለውና ብርሃን የሚያሳልፈው ሲሊኮን ሙቀትንም ማፍላትንም ይችላል፤ ስለዚህ ለካርቱም አየር የሚስማማው እርሱ ነው። ሆኖም ጥርስ ሲበቅል ሊቀደድ ስለሚችል በየቀኑ እየሳቡ መመርመር ያስፈልጋል። የተሰነጠቀ፣ የተጣበቀ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ወዲያውኑ ይጣል። ደኅና ቢመስልም በየ1 ወይም በየ2 ወሩ መለወጥ ይገባል።

3ኛ/ መጠኑ። ለአራስ የተሠራው ትንሹ ይመረጥ፤ ዕድሜው በማሸጊያው ላይ ይጻፋል።

4ኛ/ ማሰሪያው። ማባበያን በክር አድርጎ በአንገት ላይ ማንጠልጠል ሕፃንን ሊያንቅ ይችላል። በልብስ ላይ የሚያያዘውን ማሰሪያ የአውሮፓ ደንብ ከ22 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በእንቅልፍ ጊዜ ግን እርሱም ይፈታ።

የተመረጠው ዕቃ መልካም ቢሆንም ንጽሕናው ካልተጠበቀ ከንቱ ነው። በክረምት ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ አፈር ይዞ ይወርዳል፤ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበልም በየቤቱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በተነሣው ጦርነት የከተማይቱ የውሃ አገልግሎት ተጎዳ፤ በ2025ም ኮሌራ በካርቱም ብዙ ሰው አጠቃ። እንግዲህ ውሃውን አጥልሎ፣ ማባበያውን ለ5 ደቂቃ አፍልቶ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ማኖር ያስፈልጋል። መሬት የወደቀውን በአፍ ጠርጎ መመለስ ጀርምን ከአፍ ወደ አፍ ማዛወር ነው። ማርም ሆነ ስኳር አይቀባበት፤ በተለይ ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ንጹሕ ውሃና ማፍያ ማገዶ በማይገኝበት ቤት ማባበያውን ጨርሶ መተው ይሻላል።

ከ6 ወር በኋላ ማባበያ ማዘውተር የጆሮ ሕመምን ስለሚያበዛ እየቀነሱ መሄድ፣ የጥርስ አበቃቀል እንዳይበላሽም ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በፊት ፈጽሞ ማስተው ይገባል።

በመጨረሻም የከተማ ሹማምንት ድርሻ አለባቸው። ኦምዱርማን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 የተከፈተው የአዋላጆች ትምህርት ቤት ንጽሕናን ለሱዳን ሴቶች ሲያስተምር፣ ትምህርቱ በአዋላጆቹ እጅ ከቤት ወደ ቤት ይደርስ ነበር። ዛሬም አዋላጆችና ጤና ረዳቶች ይህንኑ ምክር ለእናቶች እንዲያደርሱ ማድረግ ይቻላል። የገበያ ተቆጣጣሪዎችም በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ፣ ያለ ማሸጊያ የሚሸጠውን የጎማ ጡጦ ቢያስነሡ፣ ብዙ ሕፃን ከተቅማጥና ከመታነቅ ይድናል። የዕቃው ዋጋ ጥቂት ነው፤ በአፉ የሚይዘው ሕፃን ግን ዋጋ የለውም፤ ምርጫውም በዚህ ልክ ሊታሰብበት ይገባል።