በረዳቱና በዋናው ግሥ መካከል

ባራክ ኦባማ በጃንዋሪ 20 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አንድ ተውሳከ ግሥ ከቦታው ወጣ። ሥራቸውን በታማኝነት እንደሚያከናውኑ የሚምሉበት የሕገ መንግሥቱ ሐረግ «ዊል ፌይዝፉሊ ኤክሲኪዩት» ይላል። አስማዩ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ግን «ፌይዝፉሊ»ን መጨረሻ ላይ አዋሉት። በማግስቱ ለጥንቃቄ ሲባል መሐላው በዋይት ሐውስ ተደገመ። የሥነ ልሳን ምሁሩ ስቲቨን ፒንከር እንደሚገምቱት ለመዛነፉ ምክንያቱ ረዳት ግሥንና ዋና ግሥን በተውሳከ ግሥ መለየት ነውር ነው የሚለው አሮጌ ትምህርት ነው። ግምታቸው ልክ ሆነም አልሆነ ትምህርቱ መሠረት የለውም፤ ሄንሪ ፋውለር ገና በ1926 በታተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መጽሐፋቸው ተቃውመውታል።

እንዲያውም ዊል፣ ካን፣ ሜይ፣ ሹድ ወይም መስት ባለበት ዓረፍተ ነገር ድግግሞሽን ወይም የእርግጠኝነትን መጠን የሚገልጽ ተውሳከ ግሥ መደበኛ ቦታው ከረዳቱ ቀጥሎ ነው፤ «ሺ ዊል ፕሮባብሊ ካም»፣ «ዩ ሹድ ኦልዌይስ ቼክ»። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ቢቸገር አያስደንቅም። «ሁልጊዜ መምጣት ትችላለች» ስንል የመቻሉ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ «ሁልጊዜ»ን ከረዳቱ በፊት ማስቀደም ይቀናናል። አኳኋንን የሚገልጸው ግን ሰፋ ያለ ነጻነት አለው፤ «ዊል ኬርፉሊ ሪድ ዘ ሌተር»ም «ዊል ሪድ ዘ ሌተር ኬርፉሊ»ም ያስኬዳል። የማያስኬደው ግሡንና ተሳቢውን ነጣጥሎ «ሪድ ኬርፉሊ ዘ ሌተር» ማለት ነው።

እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው «አይ ፕሮባብሊ ዊል» ይሉ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይላሉ፤ ዋናው ግሥ በአጭር መልስ ውስጥ ሲቀር ተውሳከ ግሡ ከረዳቱ ይቀድማል፤ ረዳቱን ማጽናት ሲፈልጉም እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህ ግን ቦታው እንደ ልብ ነው ማለት አይደለም። አፍራሹ ቃል ሲገባ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። «አይ ሪሊ ካንት ሴይ» የሚል ሰው መናገር ፈጽሞ እንደማይችል ያስረግጣል፤ «አይ ካንት ሪሊ ሴይ» የሚለው ግን ፈጽሞ አልችልም ማለት አልፈለገም፣ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችል ብቻ በለዘብታ ይገልጻል። አፍራሹ በስተኋላው ያለውን ቃል ስለሚይዝ በሁለተኛው «ሪሊ»ም ይፈርሳል። «ሺ ፕሮባብሊ ዎንት ካም» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ የሚፈርሰው መምጣቷ እንጂ ግምቱ አይደለም።