ስልካችን ውስጥ ያለውን ኮድ ማን ይፈትነዋል? የሊኑክስ ከርነል የኔትወርክ ፍተሻ



ሪያድ ያለች እህታችን ለእናቷ በኢንተርኔት ስትደውል፣ ነጋዴው በስልኩ ገንዘብ ሲያስተላልፍ፣ ደረሳው የሚከታተለውን ደርስ ከኢንተርኔት ሲያወርድ፣ ሦስቱም ሳያውቁት የሚገናኙበት አንድ ነገር አለ። ስልካቸው አንድሮይድ ከሆነ ድምፁም፣ ገንዘቡም፣ ደርሱም የሚያልፈው ሊኑክስ ከርነል በሚባል ሶፍትዌር ውስጥ ነው። በሌላኛው ጫፍ መልእክቱን ከሚቀበሉት ሰርቨሮች ውስጥም እጅግ ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ከርነል ነው።

ይህን ኮድ የሚጽፉት ሰዎች ናቸው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ታዲያ ስህተቱ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በማን፣ እንዴትስ ይያዛል? በዚህ ጽሑፍ ይህን በቀላሉ ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ኢንሻ አላህ።

ከርነል ምንድን ነው?

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ስልካችን ላይ ያሉት አፖች ካሜራውን፣ ሚሞሪውን ወይም ዋይፋዩን በቀጥታ አይነኩም፤ ከርነሉን ይጠይቃሉ፣ እሱ ይፈጽምላቸዋል። ሊኑክስን ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ዛሬ ከልዩ ልዩ አገሮችና ኩባንያዎች የተውጣጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሠሩበታል።

መልእክት ስንልክ ከርነሉ መልእክቱን ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ይከፋፍለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ አድራሻና ተራ ቁጥር ይጽፋል፤ ይልካል፤ መድረሱን ይከታተላል፤ መንገድ ላይ የጠፋ ካለ ደግሞ ይልካል። ይህን የሚሠራው ክፍል የኔትወርክ ኮድ ይባላል።

ይህ ክፍል ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ በሩን ለማያውቀው ሰው ከፍቶ የሚጠብቅ ነው፤ ከዓለም በየትኛውም ጥግ ያለ ሰው ፓኬት ሊልክበት ይችላል። ሁለተኛ፣ በከርነል ውስጥ ስህተት ሲፈጠር ሊወድቅ የሚችለው አንድ አፕ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው በሙሉ ነው።

አሥር ዓመት የተደበቀ ስህተት

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ እውነተኛ ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የኔትፍሊክሱ መሐንዲስ ጆናታን ሉኒ ያገኘው “ሳክ ፓኒክ” የተሰኘ ስህተት ለዓለም ይፋ ሆነ። ስህተቱ በ2009 ከወጣው የሊኑክስ ቁጥር 2.6.29 ጀምሮ በኮዱ ውስጥ ነበረ።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሊኑክስ ሊላክ የተዘጋጀን ዳታ በአንድ ጥቅል ውስጥ እስከ 17 ቁራጭ ይይዛል፤ በብዛት በምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ላይ አንዱ ቁራጭ እስከ 32 ኪሎባይት ይደርሳል። 17 ጊዜ 32 ጊዜ 1024 ብንል 557,056 ባይት ይሆናል። በሌላ በኩል የሚቀበለው ወገን “በጣም ትናንሽ እሽግ ብቻ ላክልኝ” ብሎ መጠየቅ ይችላል። መጠኑ እስከ መጨረሻ ዝቅ ሲል በአንድ እሽግ ውስጥ የሚገባው ዳታ 8 ባይት ብቻ ይሆናል። 557,056ን ለ8 ስናካፍል 69,632 እሽግ እናገኛለን።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእሽጎቹን ብዛት የሚይዘው ቆጣሪ ከ65,535 በላይ መቁጠር አይችልም። የድሮ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ 99,999 ከሞላ በኋላ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ሁሉ ይህም ወደ ዜሮ ይዞራል። ከርነሉ ሒሳቡ እንዳልገጠመ ሲያይ ደግሞ ሥራውን በሙሉ ያቆማል። አጥቂው የይለፍ ቃል አያስፈልገውም፤ ከሩቅ ሆኖ አስልቶ ፓኬት መላክ ብቻ ይበቃዋል።

ልብ በሉ! ለአሥር ዓመታት በየዕለቱ ይህን ኮድ ያልተጠቀመ የለም ማለት ይቻላል። በአጠቃቀም ብቻ ግን ስህተቱ አልታየም፤ ምክንያቱም ጤነኛ ተጠቃሚ 8 ባይት፣ 8 ባይት እየቆረጠ ዳታ አይቀበልም። “ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል” ማለት “ተፈትኗል” ማለት አይደለም።

ሰነዱና መትኑ

የሐዲስ ዒልም የቀመሰ ሰው የሊኑክስን አሠራር ሲያይ አንድ የሚያውቀው ነገር ያስታውሰዋል። ከ2004 ጀምሮ ወደ ከርነሉ የሚገባ እያንዳንዱ ለውጥ የፊርማ ሰንሰለት አለው። ጸሐፊው ይፈርማል፤ ከእሱ ተቀብሎ ወደ ላይ የሚያሳልፈው ኃላፊም ይፈርማል፤ እንዲህ እያለ ዋናው ኮድ ዘንድ ይደርሳል። የገመገመና የሞከረ ሰው ካለም ስሙ ይመዘገባል። ማን ከማን እንደተቀበለው ከዓመታት በኋላም ይታወቃል።

ይሁንና ሙሐዲሶች በሰነድ ብቻ እንዳላበቁ እናውቃለን። ዘጋቢዎቹ ሁሉ ታማኝ ሆነው፣ ሰንሰለቱም ሳይቋረጥ፣ በዘገባው ውስጥ ግን ዒላ ማለትም ስውር እንከን ሊኖር ይችላል። እሱን የሚያወጡት የዘገባውን መንገዶች በሙሉ ሰብስበው፣ አንዱን ከሌላው እያስተያዩ ነው። በእርግጥ ዲንና ኮድ በደረጃ አይነጻጸሩም፤ ለማስረዳት ያህል ብቻ ነው። ሐሳቡ ግን ይረዳናል፦ ታማኝ ሰው የጻፈው፣ ታማኝ ሰው ያየው ኮድም ስውር እንከን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ኮዱ ራሱ መፈተን አለበት።

ማሽኑ እንዴት ይፈትናል?

በኔትወርኩ ክፍል አንድ ፕሮግራመር የለውጥ ሐሳቡን ሲልክ ሰው ከማየቱ ጎን ለጎን ማሽኖች ይቀበሉታል። በመጀመሪያ ኮዱ ያለ እንከን ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየሩ ይታያል። ቀጥሎ በየጥቂት ሰዓቱ በተራ ላይ ያሉት ለውጦች አንድ ላይ ተሰብስበው፣ በእነሱ የተሠራ ከርነል በምናባዊ ኮምፒውተር ላይ ይነሳና ፈተናዎቹ ይካሄዱበታል። አንድ ላይ የሚሰበሰቡት እያንዳንዱን ለብቻው መፈተን እጅግ ብዙ ጊዜና ማሽን ስለሚፈጅ ነው።

ኔትወርክ ለመፈተን ቢያንስ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ገመድ ያስፈልጋል ብለን እናስብ ይሆናል። አያስፈልግም። ሊኑክስ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እርስ በርስ የማይተያዩ ብዙ የኔትወርክ ዓለሞችን መፍጠር ይችላል። ፈተናው ሁለት ዓለም ይፈጥራል፤ በምናባዊ ገመድ ያገናኛቸዋል፤ ሆን ብሎ ገመዱ ላይ ፓኬት እንዲጠፋና እንዲዘገይ ያደርጋል፤ ከዚያ ፋይል ይልክና የደረሰው ከተላከው ጋር አንድ መሆኑን ያያል። ሲጨርስ ሁለቱንም ያፈርሳቸዋል።

ሌላው መሣሪያ በ2013 የጉግል መሐንዲሶች ያስተዋወቁት “ፓኬትድሪል” ነው። ፈተናው እንደ ትያትር ድርሰት ተራ በተራ ይጻፋል፦ በዚህች ቅጽበት ይህ ፓኬት ይግባ፤ ከርነሉ ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ይህን መልስ ይስጥ። መልሱ ከተለየ ወይም ከዘገየ ፈተናው ይወድቃል። ከ2024 ጀምሮ እነዚህ ፈተናዎች ወደ ከርነሉ የራሱ የፈተና ስብስብ እየገቡ ነው።

የእነዚህ ፈተናዎች ትልቁ ጥቅም ትናንት የሠራው ዛሬ እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው። ስህተት ማረም በራሱ ስህተት ሊያመጣ ይችላል። ከሳክ ፓኒክ ጋር አብረው ከወጡት እርማቶች አንዱ ጥፋት የሌለባቸውን አንዳንድ ፕሮግራሞች ስላወካቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ እርማት ተከትሎት ነበር። ስለዚህ ስህተት በታረመ ቁጥር ያንን ስህተት የሚፈልግ ፈተና አብሮ መጻፉ መልካም ልማድ ነው።

ማንም ያላሰበው ጥያቄ

በመምህርነት ዘመኔ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ተማሪዎች የመምህራቸውን የጥያቄ ዓይነት ቶሎ ይለምዱታል፤ በዚያ ይዘጋጁና ጥሩ ውጤት ያመጣሉ። አንድ ቀን ግን አንድ ትንሽ ልጅ ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ይጠይቅና ክፍሉን በሙሉ ዝም ያሰኛል። ከላይ ያየናቸው ፈተናዎች የመምህሩን ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ ጸሐፊያቸው ያሰበውን ብቻ ይጠይቃሉ።

የልጁን ቦታ የያዘው “ሲዝካለር” የተባለ መሣሪያ ነው። ዲሚትሪ ቭዩኮቭ በጉግል የጀመረው ይህ ፕሮግራም በዘፈቀደ ትእዛዞችን ያቀነባብራል፤ ጎዶሎ ፓኬት ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባል፤ ከርነሉ ላይም ሌት ተቀን ያወርድበታል። ግን በጭፍን አይደለም። አንዱ ሙከራ ቀድሞ ያልተነካ የኮድ ክፍል ውስጥ ከገባ ያንን ያስቀምጥና ጥቂት ለውጦ ደግሞ ይሞክራል። ስለዚህ ቀን በቀን ወደ ጥልቁ ይገባል። ከጎኑ ደግሞ “ኬሳን” የሚባል ጠባቂ አለ፤ ከርነሉ የራሱ ያልሆነን የሚሞሪ ቦታ በነካ ቅጽበት ይጮኻል።

በ2017 መጀመሪያ ላይ አንድሬ ኮኖቫሎቭ የተባለ ባለሙያ በዚህ መሣሪያ ዲሲሲፒ በሚባለው የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ከባድ ስህተት አገኘ። የሆነውን በቤት ኪራይ እንመስለው። ተከራዩ ቤቱን ለቆ ቁልፉን መለሰ፤ ባለቤቱ ለሌላ አከራየው። ከዚያ ያው ቤት ሁለተኛ ጊዜ “ተመለሰ” ተብሎ ተመዘገበና ሰው እያለበት ለሦስተኛ ሰው ተሰጠ። ከርነሉም አንድን የሚሞሪ ቦታ ሁለቴ እንደተለቀቀ ይቆጥረው ነበር። በዚህ ቀዳዳ ኮምፒውተሩ ላይ ተራ ተጠቃሚ የሆነ ሰው የሙሉ አዛዥነት ሥልጣን ሊይዝ ይችላል። ይህ ክፍል ወደ ሊኑክስ የገባው በ2005 ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሰው ዓይን አልፎታል ማለት ነው።

ከዚያው ዓመት ጀምሮ “ሲዝቦት” የተሰኘው ሥርዓት ይህን ሥራ ያለማቋረጥ ይሠራል። ስህተት ሲያገኝ የሚመለከታቸውን ፕሮግራመሮች ለይቶ ሪፖርት ይልካል፤ ሲቻለውም ስህተቱን ደግሞ የሚያሳይ አጭር ፕሮግራም ያያይዛል። እስካሁን ያገኛቸው ስህተቶች በሺዎች ይቆጠራሉ።

የፈተናም ወሰን አለው

ፈተና ያለፈ ኮድ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለን እንዳንታለል። ፈተናው ስህተት ካገኘ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ካላገኘ ግን በፈለገበት ቦታ አላየም ማለት ብቻ ነው። ብዙ ፈተናዎች በምናባዊ ኮምፒውተር ስለሚካሄዱ በእውነተኛ የኔትወርክ ካርድ ላይ ብቻ የሚታይ ስህተት ሊያመልጣቸው ይችላል።

ሌላው ፈተና የፈተናው የራሱ ተለዋዋጭነት ነው። የኔትወርክ ፈተና በጊዜ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሊወድቅ ይችላል፤ ሲደገም ደግሞ ያልፋል። በየሌሊቱ ያለ ምክንያት የሚጮኽን ውሻ ጎረቤት ይለምደውና ሌባው በመጣ ቀን ማንም አይነሳም። ለዚህም ነው የክፍሉ ኃላፊዎች ፈተናዎቹን ራሳቸውን በማስተካከል ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት። በመጨረሻም ውጤቱን አይቶ ለውጡን የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው ሰው ነው። ማሽኑ ያግዘዋል እንጂ ኃላፊነቱን አይወስድለትም።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ የተገኘው ስህተት ሁሉ የሚታረመው ስልካችን ማሻሻያ ሲደርሰው ነው። “ሶፍትዌሩን ያድሱ” የሚለውን መልእክት ዓመቱን ሙሉ እያለፍን ገንዘባችንንና የቤተሰባችንን ምስጢር በዚያው ስልክ የምንይዝ ከሆነ የሌሎች ልፋት ለእኛ አልደረሰም። ስልክ ስንገዛም “እስከ መቼ ማሻሻያ ያገኛል?” ብለን እንጠይቅ፤ በዚህ ረገድ ኩባንያዎች ይለያያሉ።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር ለሚማሩ ወጣቶቻችን በሩ ክፍት ነው። የሊኑክስ ኮድም ፈተናዎቹም በነጻ ይገኛሉ፤ በአንድ መጠነኛ ላፕቶፕ ላይ ማስኬድ ይቻላል። አዲስ ሰው ከርነል ውስጥ ትልቅ ነገር ለመጻፍ ከመሞከሩ በፊት ፈተና የሌለውን ክፍል ፈልጎ ፈተና ቢጽፍለት ለመግቢያ ይሻለዋል፤ ኮዱን በሚገባ እንዲያነብ ያስገድደዋልና።

ሦስተኛ፣ ከዚህ ሥራ ለሌላውም ሙያ ትምህርት አለ። ሥራን አሳምሮ መሥራት፣ ማለትም ኢትቃን፣ “እኔ አይቼዋለሁ” በማለት አያበቃም። የሊኑክስ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን እንዲጥልባቸው ፈታኝ ያቆማሉ፤ ሲጥልባቸውም ያርማሉ። ሒሳብ የሚይዝ ወንድም፣ መድኃኒት የምታድል እህት፣ የመስጂድ ገንዘብ የተረከበ ኮሚቴ ሁሉ አማና ተሸክመዋል። ስህተቱን በጊዜ የሚያሳየውን ሰው እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ አጋዥ ያየ ሰው አማናውን ለመጠበቅ የቀረበ ነው።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀትን ይስጠን፤ በምናውቀውም የምንሠራ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።