አስታማሚውንስ ማን ጠየቀው?

ከፓርክ ሂል ተነስተው በኮልፋክስ ወደ ምሥራቅ ሲነዱ፣ ኦሮራ እንደገቡ አንሹትዝ የሕክምና ካምፓስን ያገኛሉ። እናትዎን ወይም ባለቤትዎን ለኬሞ የሚያመላልሱ ከሆነ መንገዱን ያለ ጂፒኤስ ያውቁታል። የክኒኑን ሰዓት፣ የቀጠሮውን ቀን፣ የትኛዋ ነርስ እጇ እንደሚቀልም ያውቃሉ። ሰው ሲደውል ግን “እማማ እንዴት አደሩ?” ይላል። “አንቺስ ተኝተሽ አደርሽ?” የሚል ጥቂት ነው።

አገር ቤት አስታማሚው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። አንዷ ሾርባ ትሠራለች፣ ሌላዋ ታድራለች፣ ጎረቤት ልጆቹን ያበላል። እዚህ ያ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ያውም ሥራ ውሎ በሚመጣ ሰው ላይ። በዚያ ላይ የካንሰርን ስም መጥራት እንፈራለን፤ “ያ በሽታ” ብለን እናልፈዋለን። ስሙን ያልጠሩለትን በሽታ “አግዙኝ” ማለት ደግሞ ይከብዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ማስተርጎሙ ነው። ሐኪሙ “ተሰራጭቷል” ይላል። እናትዎ “ምን አለ?” ብለው ዓይንዎን ያያሉ። በዚያች ደቂቃ ልጅም፣ አስተርጓሚም፣ መርዶ ነጋሪም እርስዎ ነዎት። “ደህና ነው አለ” ብለን ያለፍን አለን። ሐኪሙ የተረዱት መስሎት ይቀጥላል፤ እሳቸውም ስለ ገዛ ሕክምናቸው ሳይወስኑ ይቀራሉ።

ይህን ሸክም የመሸከም ግዴታ የለብዎትም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ “ቤተሰብ ያስተርጉም” ብሎ ሊያስገድድዎ አይችልም። ልጆችን ማስተርጎም ደግሞ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር አይፈቀድም። ቀጠሮ ሲይዙ “የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን” ይበሉ፤ በዚያ ቀን እጅ ለመያዝ ብቻ ይግቡ።

ሁለተኛው ጭንቀት ሥራ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ፋምሊ የሚባል፣ ክፍያ ያለው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ አለ፤ መክፈል የጀመረው በጃንዋሪ 2024 ነው። በጠና የታመመ ቤተሰብ ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ይሰጣል። ደመወዝዎ ዝቅተኛ ከሆነ እስከ 90 በመቶው ሊከፈልዎ ይችላል። በአንድ ጊዜ መውሰድ ግድ አይደለም፤ ለኬሞው ቀን ብቻ መውሰድም ይቻላል። ወንድም፣ እህት፣ አያት፣ እንደ ቤተሰብ የሚቀርብዎ አብሮ አደግም ሳይቀር ይቆጠራል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ኡበር የሚነዱ ወይም የራስዎን ሥራ የሚሠሩ ከሆነ፣ አስቀድመው በፈቃድዎ ካልተመዘገቡ አይሸፍንዎትም። ስልኩ 1-866-263-2654 ነው።

ሦስተኛ፣ የካንሰር ክፍሉን ሶሻል ወርከር ያነጋግሩ። ስለ ታማሚው ጠይቀው ሲጨርሱ “ለእኔስ ምን አለ?” ይበሉ። ታማሚው ሄልዝ ፈርስት ኮሎራዶ ካለው ትራንስፖርት ይጠይቁ፤ አንዳንድ ታማሚዎችን የሚንከባከብ የቤተሰብ አባል ክፍያ የሚያገኝበት መንገድም አለ። የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲም በ1-800-227-2345 ለአስታማሚዎች ምክር ይሰጣል፤ በአስተርጓሚም ያነጋግራል።

እኛ ጠያቂዎችስ? ሰብሰብ ብለን ሄደን፣ ቡና አስፈልተን፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጠን የምንወጣ ከሆነ ድካም ጨምረን ሄድን ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። የማኅበራችሁ ወይም የዕድራችሁ ሰዎች ሥራውን ይከፋፈሉት፤ አንዱ ማክሰኞ ወደ ሆስፒታል ይንዳ፣ አንዷ ወጥና እንጀራ ታምጣ፣ አንዱ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ይመልስ። “የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውዪ” አትበሏት፤ አትደውልም። “ቅዳሜ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት እኔ አጠገባቸው እሆናለሁ፤ አንቺ ተኚ” በሏት።

ይህን አንብበው ሲጨርሱ አንድ የሚያውቁት አስታማሚ ትዝ ካለዎት፣ ዛሬውኑ ይደውሉ። መጀመሪያ ግን ስለ እሱ ወይም ስለ እሷ ይጠይቁ።