ዜሮ ሲደወል ማን ያንሳ?

ለቢሮ ስልክ ሥራ ስጠራ ደንበኞቼ መሰርሰሪያና የሽቦ ጥቅል ይዤ እንድገባ ይጠብቃሉ። እሱም አይቀርም፤ ከሁሉ በፊት የማወጣው ግን እስክሪብቶና ወረቀት ነው። አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ከጎላጎል ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት ሕንፃዎች፣ የጉዞ ወኪል፣ የጥርስ ክሊኒክና አስመጪ በአንድ ፎቅ ጎን ለጎን ተከራይተው ይሠራሉ። ሁሉም «ስልካችንን አስተካክልልን» ይሉኛል፣ ሁሉንም የምጠይቃቸው ያንኑ ነው። ከውጭ ሲደወል ማን ያንሳ? እንግዳ ተቀባይዋ ካላነሳችስ? ምሳ ከወጣችስ? ብዙው ባለቤት እዚህ ላይ ዝም ይላል። ድርጅቱ ከተከፈተ ዓመታት አልፈዋል፣ ይህን ግን ማንም ቁጭ ብሎ ወስኖት አያውቅም።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሳጥን ፒቢኤክስ ይባላል። በአንድ በኩል የቴሌ መስመሮች ይገቡበታል፣ በሌላ በኩል በየጠረጴዛው ላይ ወዳሉት ስልኮች፣ ማለትም ወደ ኤክስቴንሽኖቹ፣ ሽቦ ይወጣበታል። በትንንሽ ቢሮዎች ደጋግሜ የማገኘው የፓናሶኒኩን ቲኢኤስ 824 ነው። ሲገዛ 3 የውጭ መስመርና 8 የውስጥ ስልክ ይይዛል፤ ካርድ ሲጨመርበት እስከ 8 መስመርና 24 ስልክ ይሄዳል። ሃያ አራት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ስለማይደውል ስምንቱ መስመር ይበቃል። የውስጥ ለውስጡ ጥሪ ደግሞ ከሳጥኑ ስለማይወጣ ቴሌ አይቆጥረውም።

ፕሮግራም ማድረጉ ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። በትንሹ ሳጥን ላይ ስክሪን ያለውን ስልክ አንደኛው ቀዳዳ ላይ ሰክቼ የፕሮግራም ቁልፉን፣ ኮከብና መሰላል፣ ከዚያ የሚስጥር ቁጥሩን እጫናለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ አለው። እንደ ኤንኤስ 500 ያሉት ዲጂታሎቹ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው በብራውዘር ይከፈታሉ። ከፋብሪካ ሲመጡ የሁለቱም የሚስጥር ቁጥር 1234 ነው። እዚህ ሰፈር ከተሰቀሉ ዓመታት ያለፏቸውን ሳጥኖች ስከፍት ብዙ ጊዜ 1234 ብዬ እገባለሁ፤ በእውነቱ ይህ ያስደነግጠኛል፣ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ሳጥኑ የሀበሻ ሰዓት አያውቅም። የቀንና የሌሊት አሠራር ስላለው በሥራ ሰዓት ጥሪውን ወደ እንግዳ ተቀባይዋ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ወደ ጥበቃው ወይም ወደ ተቀዳ ድምፅ ይልካል። ከ2፡30 እስከ 11፡30 የሚሠራ ቢሮ በሳጥኑ ቋንቋ ከ8፡30 እስከ 17፡30 ነው። የማያውቅ ሰው ገብቶ እንደለመደው «02፡30» እና «11፡30» ብሎ ከሞላው፣ ሳጥኑ ከሌሊቱ 8፡30 ሥራ ይገባና ጠዋት 5፡30 ላይ መሽቷል ብሎ ጥሪውን ሁሉ ለጥበቃው ያስረክባል። ደንበኛ በጠራራ ፀሐይ ደውሎ «የሉም፣ ነገ ይደውሉ» ይባላል። ቢሮው ውስጥ ያሉት ደግሞ ዛሬ ስልክ ቀዘቀዘ እያሉ ሻይ ያዛሉ። በትልልቆቹ ሳጥኖች ላይ ያለው የበዓላት ሠንጠረዥም የሚሞላው በፈረንጅ ቀን ነው። እንቁጣጣሽ አንዳንድ ዓመት ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትሸጋገራለች፣ ፋሲካም በየዓመቱ ትዞራለች፤ ስለዚህ አንዴ ሞልቶ መተው አይቻልም።

ባለቤቶች አጥብቀው የሚፈልጉት ግን ያንን በተቀዳ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን ነው። ትልቅ ያስመስላል። ድምፁን አብዛኛውን ጊዜ የምትቀዳው እንግዳ ተቀባይዋ ናት፣ መስኮት ተከፍቶ ከሆነም የታክሲው ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» አብሮ ይቀዳል። ያኔ «ጋሼ፣ እንደገና እንቅዳው» ትለኛለች፣ እንደገና እንቀዳለን። እኔ የምለምነው እንዲያጥር ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የአምስት ክፍል ስም የሚዘረዝር ቅጂ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ደዋይ ጥቂት ነው፤ ሌላው ይዘጋዋል ወይም ሰው ፍለጋ ዜሮን ይጫናል። ዜሮ ላይ ሰው ከሌለ ቅጂው ከንቱ ነው።

ስልክ የሚያነሳ ሰው ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው የድሮ ታሪክም ይመሰክራል። በ1891 እ.ኤ.አ. ያለ ኦፕሬተር የሚሠራውን የስልክ ማገናኛ በስሙ ያስመዘገበው አልሞን ስትሮውጀር የቀብር ሥራ ነጋዴ ነበር። እንደሚተረከው ከሆነ የከተማው ኦፕሬተር የተፎካካሪው ሚስት ነበረች፤ እሱን ብለው የደወሉትን ሐዘንተኞች ሁሉ ለባሏ ታገናኝ ነበር። ሰውየው ተናድዶ መሣሪያ ሠራ። እኔም ሽያጭ ክፍሉ ከሁለት ተከፍሎ በኮሚሽን በሚሠራበት ቢሮ ሳጥኑ ጥሪውን በተራ እንዲያደርስ አድርጌ አውቃለሁ፤ አንደኛው ስልክ ሁልጊዜ ቀድሞ ከጮኸ ጠብ አይቀርም።

ከዚህ የሚከፋው ጠብ ማን የት ድረስ ይደውል የሚለው ነው። ድሮ የስልኩ መደወያ ላይ ትንሽዬ ቁልፍ ይንጠለጠል ነበር፤ ዛሬ ቁልፉ በሳጥኑ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ስልክ ደረጃ ይሰጠዋል፤ አንዱ የውስጥ ብቻ፣ አንዱ ከተማ ውስጥ፣ አንዱ ሞባይል፣ አንዱ በ00 ውጭ አገር። አንዲት የፔንሲዮን ባለቤት ጋር ይህን ስሞላ፣

«እትዬ፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሞባይል ልክፈትላት?»

«ለእሷማ አትክፈትላት። ለወንድሜ ልጅ ክፈትለት።»

«እሱ ምን ይሠራል?»

«እዚሁ ነው የሚውለው።»

እንዳሉኝ ጻፍኩ። የድርጅቱን አደረጃጀት የሚያሳየው ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ቢሰቀልም፣ እውነተኛው ያለው እኔ ወረቀት ላይ ነው።

ክልከላው አንዴ ተጽፎ የሚቀር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም የአዲስ አበባ ቁጥር ከስድስት አኃዝ ወደ ሰባት ሲሄድና 011 ሲመጣ፣ በቦሌ በኩል ያለው ቁጥር ፊቱ ላይ 6 ተጨመረበት፤ በሳጥን የተቀመጠ የአጭር ጥሪ ቁጥር ሁሉ እንደገና መጻፍ ነበረበት። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ በ07 ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። በየቢሮው የተጻፈው ክልከላ «09 አይደወል» ስለሚል፣ 07ን የሚያግደው አልነበረም። መጀመሪያ ያወቁት ሠራተኞች ናቸው። የቢሮ ሳጥን ካለዎት ይህን ዛሬ ያስፈትሹ።

1234ን የምፈራበት ምክንያትም እዚህ ነው። በተቀዳው ድምፅ በኩል የገባ የውጭ ደዋይ ከሳጥኑ መስመር ይዞ እንደገና ወደ ውጭ እንዲደውል የሚፈቅድ አሠራር አለ፤ አለቃ ከቤቱ ሆኖ በቢሮው መስመር እንዲደውል ታስቦ ነው። የሚስጥር ቁጥሩ ካልተቀየረ ግን ሌባ ያገኘዋል። ሌሊቱን ወደ ሩቅ አገር ሲያስደውል ያድራል፣ ሒሳቡ ለባለ መስመሩ ይመጣል። ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ እኔ ጨርሼ እዘጋዋለሁ።

አንድ ብልሽት ግን ሁልጊዜ በቴሌ ይሳበባል። ደዋዩ ዘግቷል፣ መስመሩ ግን እንደተያዘ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚደውል ሁሉ ተይዟል ይባላል። ተራ የመዳብ መስመር መዘጋቱን ለሳጥኑ የሚነግረው በቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ወይም «መስመሩ ተይዟል» በሚለው ቶን ነው። ሳጥኑ ያንን እንዲያውቅ ካልተስተካከለ፣ ከተቀዳ ድምፅ ጋር ሲያወራ ይቆያል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው።

መብራት ሲጠፋ ቲኢኤስ 824 የመጀመሪያውን የቴሌ መስመር ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል። እዚያ ላይ የተሰካው ግን ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ኃይል የሚወስደው ባለ ስክሪን ስልክ ስለሆነ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ከጎኑ ርካሽ ተራ ስልክ እሰካለሁ። ባለቤቶች «ይሄ አሮጌ ምን ያደርጋል?» ይላሉ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚጮኸው እሱ ብቻ ነው።

ፓናሶኒክ ከዚህ ንግድ ለመውጣት ወስኗል፤ አዳዲሶቹ ቢሮዎችም በኔትወርክ ገመድ ወደሚሠሩት ስልኮች እየሄዱ ነው። በእነዚያም ቢሆን ወረቀቱ አይቀርም። ሥራ ስጨርስ አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ ሰጥቼ፣ ሁለተኛውን በሳጥኑ ክዳን ውስጥ እለጥፋለሁ፤ የቱ ቁጥር የማን እንደሆነ፣ ሌሊት ማን እንደሚያነሳ፣ ምን እንደተከለከለ። የሚስጥር ቁጥሩን እዚያ ላይ አልጽፍም።