ከቤንጋል ባሕር ሰላጤ የሚነሣው ዝቅተኛ ግፊትና የሩዝ ገበያ

የሕንድን ሩዝ በጅቡቲ በኩል የሚያስመጣ ነጋዴ ስለ ቶን ዋጋ፣ ስለ መርከብ ኪራይና ስለ ባንክ ሰነድ ዘወትር ይጠይቃል፤ በቤንጋል ባሕር ሰላጤ ላይ ስለሚዞረው ነፋስ ግን እምብዛም አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ሩዙ በወቅቱ መብቀሉም ሆነ አለመብቀሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው በዚሁ ነፋስ ነው።

ሕንድ የዓመቱን ዝናሟን ሦስት አራተኛ ያህል የምታገኘው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባሉት አራት ወራት ሲሆን፣ የእነዚህ ወራት አማካይ ልክ 870 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ሞንሱን የተባለው ዝናም ነው፤ ቃሉ የመጣው ወቅት ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል ነው። ብዙ ሰው ዝናሙ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ሳያቋርጥ የሚወርድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ዝናሙ የሚመጣው በየተራ ነው፤ ተራውን የሚያመጡትም ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው የአየር ዙረቶች ናቸው።

አሠራራቸው እንደሚከተለው ነው። በበጋው መጨረሻ ምድሪቱ በፀሐይ ስትግል በላይዋ ያለው አየር ይሣሣል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ከፓኪስታንና ከራጃስታን በረሓ እስከ ቤንጋል ባሕር ሰላጤ ድረስ እንደ ሸለቆ የተዘረጋ ዝቅተኛ ግፊት ይፈጠራል። በሰላጤው ሰሜናዊ ክፍል፣ ባሕሩ በሞቀበት ስፍራ፣ በአንድ ክረምት ውስጥ ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ ዙረቶች ይነሣሉ። ነፋሳቸው በሰዓት ከ31 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት «ዝቅተኛ ግፊት» ይላቸዋል፤ ከ31 እስከ 49 ሲደርስ «ዲፕሬሽን»፣ ከዚያ እስከ 61 «ጥልቅ ዲፕሬሽን»፣ 62 ሲሞላ ግን ሳይክሎን ይባላሉ። በክረምቱ እምብርት ወደዚህ የመጨረሻ ደረጃ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው፤ ምክንያቱም ብዙ ሳይቆዩ ወደ የብስ ይገባሉ።

ከዚያም በኦዲሻ፣ በቻቲስጋርና በማድያ ፕራዴሽ በኩል ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ይጓዛሉ። የሚያስደንቀው፣ ከመሬት አጠገብ ያለው የሞንሱን ነፋስ ከምዕራብ እየነፈሰባቸው ወደ ምዕራብ መሄዳቸው ነው። ከባዱ ዝናም የሚወርደውም በመካከላቸው ሳይሆን በደቡብ ምዕራብ ጎናቸው ነው። የመካከለኛው ሕንድ ዝናም ግማሽ ያህሉ ከእነዚህ ዙረቶች የሚገኝ ሲሆን፣ ቻቲስጋርና ኦዲሻ ደግሞ ትልልቅ የሩዝ አገሮች ናቸው።

ዙረቶቹ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ክረምት አንድም ዲፕሬሽን አልተነሣም። የጁላይ ዝናም ከተለመደው በግማሽ ያህል ጎደለ፤ የአራቱ ወራት ድምር ደግሞ በመቶ 19 አነሰ።

የ2023 ዓ.ም. ነገር ለአስመጪዎች ይበልጥ ቅርብ ነው። የጁላይ ዝናም በጠቅላላው ከልኩ በላይ ነበር፤ የሰሜኑን ክፍል ጎርፍ አጥለቅልቆት ነበር። ሆኖም የአገር ውስጥ ዋጋ መናሩና ኤል ኒኞ የተባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ያሳደረው ሥጋት ተደምረው፣ የሕንድ መንግሥት ጁላይ 20 ቀን ከባስማቲ በቀር ያለውን ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ። የዓለምን የሩዝ ንግድ 40 በመቶ ያህል የምትሸጥ አገር በአንድ ቀን በሯን ስትዘጋ ገዢው ወዴት ይሂድ? በተከታዩ ወር የዝናሙ ሸለቆ ወደ ሂማላያ ተራራ ግርጌ ሸሸ፤ ዝናሙም በሜዳው ላይ ተቋረጠ፤ የኦገስት ወር ከ1901 ዓ.ም. ወዲህ ያልታየ ድርቅ ሆኖ ከልኩ 36 በመቶ ጎደለ። በዚሁ ወር በተቀቀለ ሩዝ ላይ 20 በመቶ የመውጫ ቀረጥ ተጣለ፤ የዓለም የሩዝ ዋጋም በ15 ዓመት ውስጥ ከታየው ሁሉ በለጠ። ክልከላው የተነሣው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ፍርሃት ከድርቁ ቀድሞ ገበያውን እንደዘጋ ልብ ይሏል።

የኢትዮጵያ ክረምት ከዚህ ጋር ዝምድና አለው እንጂ አንድ አይደለም። ከቤንጋል የሚነሡት ዙረቶች እስከ እኛ አይደርሱም። ነገር ግን ከእስያ ሰማይ ላይ በከፍታ ወደ ምዕራብ የሚሮጠው ኀይለኛ ነፋስ በኢትዮጵያ አናት ላይ ያልፋል፤ ሲደክም የእኛም ዝናም ይሣሣል። በ2015 ዓ.ም. ኤል ኒኞ በበረታ ጊዜ የሕንድ ዝናም 86 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ድርቅ ደረሰ። ስለዚህ የአገሩ እህል ጎድሎ ወደ ሕንድ ፊቱን የሚመልስ ነጋዴ፣ እዚያም ጉድለት ሊያገኝ ይችላል።

ዝናሙ በበረታበትም ጊዜ ችግር አለ፤ ይኸውም ሩዝ በዝናም ውስጥ አይጫንምና ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ባለችው በካኪናዳ፣ ሩዙ በጀልባ ተወስዶ ወደብ ውጭ ወደ ቆመው መርከብ በሚተላለፍበት ስፍራ፣ አንድ ዝቅተኛ ግፊት ሲያልፍ የመርከቡ ጎተራ ይከደናል፤ የመቆያው ሒሳብ ግን በውሉ መሠረት ሊቆጠር ይችላል። የዝናም ቀን ከመጫኛው ጊዜ የሚቀነስ መሆን አለመሆኑን ከመፈረም በፊት በውሉ ላይ ማየት ያሻል።

የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የክረምቱን የመጀመሪያ ትንበያ በኤፕሪል ያወጣል፤ በሜይ መጨረሻ ያድሰዋል፤ የሚቀጥሉትን አራት ሳምንታት የሚመለከተውን ደግሞ በየሐሙሱ ያወጣል።