«ዳሌ»፣ «ምትክ»፣ «ማገገም»፦ ስለ አንድ ቀዶ ሕክምና ስያሜዎች ከባሌ ደጋ በመነሣት የቀረበ ማብራሪያ

1. መነሻ

የሙያ ቃል የሚመረጠው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ አምሮ እንዲታይ ብቻ አይደለም። ቃሉ ከባለሙያው አፍ ወጥቶ ከተራው ሰው ጆሮ ሲደርስ ምን ዓይነት ተግባር እንደሚያስከትልም መመዘን ይገባዋል። ይህ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በሕክምና ቃላት ላይ ነው። የፊዚክስ ወይም የሥነ ፈለክ ቃል ቢደበዝዝ ተማሪው ፈተናውን ይሳሳት ይሆናል፤ የሕክምና ቃል ቢደበዝዝ ግን በሽተኛው መራመድ በሚገባው ጊዜ ይተኛል፣ መታሸት በማይገባው ጊዜ ይታሻል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በዕድሜ የገፉ ሰዎች የዳሌ መገጣጠሚያቸው በሰው ሠራሽ አካል ከተተካ በኋላ በሚያገግሙበት ወቅት የሚነገሩትን ቃላት ነው። ለማብራሪያው የሮቤንና የጎባን አካባቢ፣ በጠቅላላውም የባሌን ደጋ የመረጥነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፣ ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባም 4,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ብርዱ፣ ጭቃውና ዳገቱ መራመድን በድጋሚ ለሚማር ሽማግሌ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ በአካባቢው ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ አንድ የሕክምና ቃል ከታማሚው ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ይተረጐማል። ሦስተኛ፣ የአቀማመጡ፣ የጸሎቱና የፈረስ ግልቢያው ልማድ ከዚህ ሕክምና መመሪያዎች ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

2. የአካሉ ስም

የሕክምናው ስፍራ የጭን አጥንት ክብ ራስ ከዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ክፍል ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ነው። በአማርኛ በዚህ አካባቢ የሚነገሩ ስሞች ብዙ ናቸው፦ ወገብ፣ ሽንጥ፣ ዳሌ፣ ታፋ፣ ጭን፣ ብሽሽት፣ ሹልዳ። ችግሩ የቃል እጥረት ሳይሆን የወሰን መደባለቅ ነው። በዕለታዊ ንግግር «ዳሌ» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ከውጭ የሚታየው የጎንና የመቀመጫ ሥጋ ነው፤ መገጣጠሚያው ግን ከዚያ በጥልቀት፣ ወደ ብሽሽት በኩል ይገኛል። ስለዚህም መገጣጠሚያው የታመመበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ የሚሰማው በብሽሽቱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከጭኑ አልፎ በጉልበቱ ይሰማዋል። «ዳሌህን ያምሃል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለም፣ ብሽሽቴን ነው» ወይም «ጉልበቴን ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው እውነቱን እየተናገረ ነው፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው።

በኦሮምኛ «ሙዺ» የሚለው ቃል ወገብንና ከወገብ በታች ያለውን አካባቢ የሚያመለክት ስለሆነ፣ «ዳሌ» በዚህ ቃል ሲተረጐም ሕመሙ ከመገጣጠሚያው ወደ አከርካሪ ይሻገራል። የጭን ስም የሆነው «ጉዴዳ» ታክሎ፣ እግሩ ከጎን አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ በእጅ ቢጠቆም ይሻላል። ጥሩ አስተርጓሚ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ጣቱንም ይጠቀማል።

«ሹልዳ» የሚለው ቃል በአማርኛው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 በያዕቆብ ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ ያዕቆብ ከዚያ ሌሊት በኋላ ያነክስ እንደነበር ይታወሳል። ቃሉ ጥንታዊነትና ክብደት አለው። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙ ተናጋሪ ትርጉሙን በትክክል ስለማይለይ፣ ለታማሚ መመሪያ የሚመች አይመስልም። ስለዚህ «የዳሌ መገጣጠሚያ» የሚለው ሐረግ፣ ሁለቱ ቃላት ሳይነጣጠሉ፣ ቢጸና እንመርጣለን።

3. የሕክምናው ስም

ለሕክምናው በየቦታው የሚሰሙት ስሞች በሦስት ይከፈላሉ፦ «ንቅለ ተከላ»፣ «ቅየራ» እና «መተካት»።

«ንቅለ ተከላ» ከአንድ ቦታ ነቅሎ በሌላ ቦታ መትከልን የሚገልጽ በመሆኑ ለኩላሊት በሚገባ ያገለግላል። በዳሌ መገጣጠሚያ ግን ከሌላ ሰው የተነቀለ ነገር የለም። የሚገባው ከብረት፣ ከሴራሚክና ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ አካል ነው። ስያሜው በሽተኛውን «የማን አጥንት ነው የሚገባብኝ?» ወደሚል ከንቱ ሥጋት ሊመራው ይችላል።

«ቅየራ» የሚለው ቃል ደግሞ ከመኪና ዕቃ ጋር ስለሚያያዝ ሁለት የተሳሳቱ ሐሳቦችን ያስከትላል። አንደኛው ዳሌው በሙሉ ተነሥቶ አዲስ ዳሌ የሚገባ መምሰሉ ነው። ሁለተኛው ዕቃው እንደገባ ወዲያውኑ እንደ ድሮው የሚሠራ መስሎ መታየቱ ነው። በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ግን የታማሚው የራሱ ናቸው፤ በሕመሙ ዓመታት የደከሙ ስለሆኑ ጉልበታቸው የሚመለሰው በልምምድ ነው።

«ምትክ» ግን የጎደለን ወይም የተበላሸን ነገር ቦታ የሚይዝ ሌላ ነገር ማለት ነው፤ ከሰውም ከመኪናም ጋር አያያይዝም። የጭኑ አጥንት ራስ ብቻ ሲተካ «ከፊል ምትክ»፣ ራሱም ጎድጓዳውም ሲተኩ «ሙሉ ምትክ» ለማለት ያመቻል። ከፊሉ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ወድቀው የጭን አጥንታቸው አንገት ለተሰበረባቸው አረጋውያን ነው፤ ሙሉው በተለይ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት አልቆ አጥንት ከአጥንት ለሚፋተግባቸው ሰዎች ያገለግላል።

የሙሉ ምትክ ታሪክ ራሱ ለስያሜው ትምህርት ይሰጣል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ በራይቲንግተን ሆስፒታል በመጀመሪያ የተጠቀመበት ቴፍሎን የተባለው ፕላስቲክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተፋግቶ ስላለቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ ተሻገረ። ትንሽ የብረት ራስ በዚህ ፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ እንዲሽከረከር፣ ሁለቱም በልዩ ሲሚንቶ ከአጥንቱ ጋር እንዲያያዙ አደረገ። የዛሬዎቹም በመሠረቱ የዚህ ዘር ናቸው። ምትኩ ዘላለማዊ አይደለም፤ ቢሆንም በመዝገብ እንደታየው ከ10 ምትኮች ወደ 6 የሚሆኑት 25 ዓመት ያህል ያገለግላሉ።

4. «ተኛ» እና «ዕረፍት»

በአማርኛ «ሆስፒታል ተኛ» ማለት ለሕክምና ገባ ማለት ነው። በኦሮምኛም «ጪሱ» መተኛትንና መጋደምን ሲገልጽ፣ ሆስፒታል ገብቶ ለመታከምም ይነገራል። በሁለቱም ቋንቋዎች ሕክምና ከመጋደም ጋር ተሳስሯል ማለት ነው። «ዕረፍት አድርግ» የሚለውም ምክር ሲጨመርበት፣ ቤተሰቡ አባትን ወይም እናትን በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ለሳምንታት አልጋ ላይ ማኖርን የፍቅርና የክብር ሥራ አድርጎ ይወስደዋል።

በዚህ ሕክምና ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው። ሌላ ችግር ከሌለ በሽተኛው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግሥቱ በድጋፍ ተነሥቶ እንዲቆም ይደረጋል። ያለ እንቅስቃሴ መጋደም በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ፣ ሳንባ እንዲታመም፣ ጀርባ እንዲላጥና ጡንቻ እንዲሟሽሽ ያደርጋል። ስለዚህ «ዕረፍት» የሚለው ቃል ብቻውን መጻፍ የለበትም፤ «በመካከሉ እያረፉ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት መራመድ» ተብሎ ይፍታታ። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው 430 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም ይህንኑ ይጠይቃል፤ ታክሞ የሚመለስ ሰው በየመንገዱ ወርዶ እግሩን ማፍታታት አለበት።

5. «ጠገገ»፣ «ሻረ»፣ «ዳነ»፣ «አገገመ»

አማርኛ ለመዳን ደረጃዎች የታደለ ቋንቋ ነው። ቁስል ይጠግጋል፤ ቁስል ይሽራል፤ አጥንት ይገጥማል፤ በሽተኛ ያገግማል፤ በመጨረሻም ይድናል። እነዚህ ቃላት በመመሪያ ውስጥ ሲደባለቁ ጉዳት ያመጣሉ። የቆዳው ቁስል በ2 ሳምንት ገደማ ይጠግጋል፤ ስፌቱም በዚያን ጊዜ ይወጣል። በምርኩዝ መራመድ ግን ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቀጥላል፤ ጉልበቱና ሚዛኑ የሚመለሱት ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስፌቱ ስለወጣ «ድነሃል» የተባለ ሽማግሌ በማግሥቱ ከብት ሊያግድ ቢወጣ ጥፋተኛው እርሱ አይደለም። «ቁስልህ ጠግጓል፣ አንተ ግን ገና እያገገምህ ነው» ሊባል ይገባ ነበር።

በተቃራኒው «ማመርቀዝ» የሚለው ቃል በግልጽ ይነገር። ቁስሉ ቢቀላ፣ ፈሳሽ ቢያወጣ ወይም ትኩሳት ቢኖር፣ ባት ቢያብጥና ቢያም፣ ደረት ቢወጋ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር፣ ለቀጠሮው ቀን ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

6. የመከልከያ ቃላት

በብዙ ቦታ «ከ90 ዲግሪ በላይ አትጠፍ» የሚል መመሪያ ይሰጣል። ዲግሪ ለማያውቅ ሰው ይህ ባዶ ድምፅ ነው። በአገሩ ቋንቋ «ስትቀመጥ ጉልበትህ ከዳሌህ ከፍ አይበል» ቢባል ግን በዐይኑ ለክቶ ያውቀዋል። ከዚህም የሚከተሉት በስማቸው መጠራት አለባቸው፦ ቁጢጥ ማለት፣ በዝቅተኛ በርጩማ ወይም በምንጣፍ ላይ መቀመጥ፣ እግርን በእግር ላይ ማነባበር፣ የወደቀ ነገር ለማንሣት ማጎንበስ። ምክንያቱም፣ በተለይ ቀዶ ሕክምናው በመገጣጠሚያው ኋላ በኩል ከተደረገ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ ከጎድጓዳው ሊወልቅ ይችላል። ክልከላው እንደ ቀዶ ሕክምናው አቅጣጫ ስለሚለያይ የሐኪሙ ቃል ይቀድማል። የጉድጓድ መጸዳጃ ባለበት ቤት ከፍ ያለ መቀመጫ ማዘጋጀት ከመድኃኒቱ እኩል አስፈላጊ ነው።

ጸሎትም እንዲሁ በስሙ ይነሣ። ለሙስሊሙ ሱጁድ፣ ለክርስቲያኑ ስግደት ከባድ መታጠፍ ነው፤ በሁለቱም እምነቶች ግን የታመመ ሰው ተቀምጦ መጸለይ ይችላል። መመሪያው ይህን ዝም ብሎ ካለፈው፣ ምእመኑ ሕመሙን ችሎ ይሰግዳል። ፈረስ መውጣትም በባሌ ደጋ የተለመደ ስለሆነ፣ «ስፖርት አትሥራ» ከሚል ጥቅል ቃል ይልቅ «ሐኪሙ እስኪፈቅድ ፈረስ አትውጣ» ማለት ይበልጥ ይጠቅማል።

7. «ምርኩዝ» እና «ወጌሻ»

የባሌ ሽማግሌ ድሮም ያለ ዱላ አይሄድም። «በዱላ ተራመድ» ቢባል ስለዚህ አዲስ ነገር አልሰማም። ዱላ ለመንገድና ለከብት ነው፤ «ምርኩዝ» ግን ከ«ተመረኮዘ» የወጣ በመሆኑ ክብደት የሚያርፍበት መሆኑን ይናገራል። ቁመቱ ቆሞ እጁን ላወረደ ሰው እስከ አንጓው ይድረስ፤ የሚያዘውም ከታከመው እግር በተቃራኒ በኩል ባለው እጅ ነው። ለደረጃና ለዳገት ደግሞ «ሲወጡ ደኅናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታከመው ይቅደም» የሚለው አጭር ቃል ለማስታወስ ይቀላል።

«ወጌሻ» በድምፅም በትርጉምም በኦሮምኛ ባለሙያ ማለት ከሆነው «ኦጌሳ» ጋር የሚቀራረብ የተከበረ ቃል ነው። ሰው ውልቃትና ወለምታ ሲገጥመው ወደ ወጌሻ የሚሄደውም ከዚህ ክብር የተነሣ ነው። ሐኪሙ «መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል» ሲል ግን ሰሚው ልማዱን ተከትሎ ወጌሻን ያስባል። የወለቀ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በመታሸትና በመጎተት አይመለስም፤ እንዲያውም አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ «ውልቃት» የሚለው ቃል በተጻፈበት ሁሉ «ሳይታሽ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል» የሚል ይከተለው።

8. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሀ. የዳሌ መገጣጠሚያ፦ የጭን አጥንት ራስ ከዳሌ ጎድጓዳ ጋር የሚገናኝበት።
ለ. የዳሌ መገጣጠሚያ ምትክ፦ ሕክምናው፤ «ሙሉ» ወይም «ከፊል» ተብሎ ይለያል።
ሐ. ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ፦ የሚገባው አካል።
መ. ሙሉ መርገጥ፣ ከፊል መርገጥ፣ ማስነካት፣ አለመርገጥ፦ በታከመው እግር ላይ የሚያርፈው ክብደት መጠን።
ሠ. መጠገግ፦ የቆዳው ቁስል መዘጋት ብቻ።
ረ. ማገገም፦ ከቀዶ ሕክምናው ዕለት ጀምሮ ጉልበትና ሚዛን እስኪመለሱ ያለው ጊዜ በሙሉ።

ከእነዚህ ውስጥ የተሻለ ስም ያለው አንባቢ፣ በተለይም በሁለቱ ቋንቋዎች በሽተኛን በየዕለቱ የሚያነጋግር የጤና ባለሙያ፣ ሐሳቡን ቢሰነዝር ሥራው ይቃናል። የስያሜው መመዘኛ ግን አንድ ይሁን፦ ቃሉን የሰማ የሰባ ዓመት ሰው በማግሥቱ ጠዋት ምን ያደርጋል?