ልጁ ሲያነብ ማን ይሰማዋል?

በጎጃም ደጋ፥ በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ገጠሮች፥ ወላጆች የልጃቸውን ትምህርት ለመመርመር ሲወዱ ብዙውን ጊዜ «እስቲ ሀ ሁ በል» ይሉታል። ልጁም ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል፤ ቤተ ሰቡም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከገበታው መካከል አንዲት ፊደል በስንጥር ቢጠቁሙለት፥ ከመጀመሪያው ተነሥቶ እየቈጠረ ካልደረሰባት በቀር ስሟን መጥራት የሚሳነው ልጅ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ ዜማውን ዐወቀ እንጂ ፊደሉን አላወቀም። የቀድሞ መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ የአቡጊዳም ጥቅሙ ይኸው ይመስለናል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ይለወጣልና፥ ልጁ በለመደው ተራ መሮጥ አይችልም፤ ዐይቶ መለየት ግድ ይሆንበታል። 33ቱ ፊደላት በ7 ስልት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ በቃል መውረድና አንድ በአንድ መለየት የተለያየ ሥራ ነው።

ነገሩም ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በ8 ክልሎች፥ በ6 የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፥ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 34ቱ ለክፍላቸው ከተመረጠው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች በማለዳ እየተነሡ፥ ገሚሶቹም ረዥም መንገድ በእግራቸው እየተጓዙ፥ ከመምህር ፊት ሲቀመጡ የከረሙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱ ታድሰዋል፤ መምህራንም ሥልጠና ተቀብለዋል። ዳሩ ግን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘጉ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ የብዙ ትምህርት ቤቶች ደጅ ተዘግቶ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀው ቈይተዋል። እንዲህ ተቋርጦበት የተመለሰ ልጅ በቁመቱና በዕድሜው ከጓደኞቹ ጋራ ይሰለፋል፤ ንባቡ ግን ካቆመበት ስፍራ ወደ ኋላ ሸሽቶ ይገኛል። እርሱም አፍሮ ዝም ይላል።

ስለ ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዱ መጽሐፍ አነሰ፥ ሌላው ተማሪ በዛ ይላል። ሁሉም እውነት አለው። ከዲቁና ትምህርት ወደ ጥቁር ሰሌዳ ለመጣነው ለእኛ ግን አንድ ነገር ከሁሉ በልጦ ይታየናል፤ ይኸውም ልጁ ሲያነብ የሚሰማው ሰው ማጣቱ ነው። መምህሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነብባል፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ተከትሎ ይጮኻል። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ደስ የሚያሰኝ ትምህርት ነው። ከጩኸቱ መካከል ግን አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ፥ ከንፈሩን ከጓደኛው ከንፈር የሚያስከትል ልጅ አለ። 60 ልጆች በተቀመጡበት ክፍል በ40 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ አንዲት ደቂቃ እንኳ አትደርስም፤ ስለዚህ መምህሩ ጐበዞቹን አስነሥቶ ያስነብብና ደወሉ ይደወላል።

የኔታም ቢሆኑ ብቻቸውን ሁሉን አይሰሙም ነበር። በንባብ ቤት ዳዊት የሚደግመው ልጅ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ያለውን ይሰማል፤ እርሱም በተራው ፊደል ቈጣሪውን ያስቈጥራል፤ በመጨረሻ ሁሉም በየኔታ ፊት ቀርቦ ይታረማል። ልጁም ከቁጥር ተነሥቶ፥ በግእዝና በውርድ ንባብ አልፎ፥ ቁም ንባብ እስኪደርስ ድረስ ሳይሰማ የሚያልፈው ደረጃ የለም። ተነሹን ወዳቂ፥ ሰያፉን ተጣይ አድርጎ ቢያነብብ ወዲያው ይመለሳል። ይህ ሲባል ግን የጥንቱ ትምህርት ጕድለት የለውም ማለታችን አይደለም። ልጁ የሚያነብበው የማያውቀውን የግእዝ ቋንቋ ነበርና ትርጓሜው የሚገለጥለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ መጻፍም ከንባብ ጋራ አብሮ አይሰጠውም ነበር። አለንጋውማ እዚያው ይቅርልን።

አማርኛ ለሚያነብብ የደጋ ልጅ ግን ትርጉሙ አስቀድሞ በጆሮው ውስጥ ነው፤ ሊጠቀምበትም ይገባዋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ በምልክት አይለይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የጌታችን የልደት በዓል ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፥ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። «ዋና»ም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ልጁ «ሰፊ ሜዳ» የሚለውን አላልቶ ቢያነብብ ፊደሉን አልሳተም፤ ንባቡን ግን ስቷል። ይህንንም ስሕተት ለመስማት ፊደል መቍጠር አያስፈልግም፤ አማርኛ የሚያውቅ ጆሮ ይበቃል።

«እኔ ያልተማርሁ ሴት ነኝ፥ ምን ልርዳው?» የሚሉ እናቶች ብዙ ጊዜ ይገጥሙናል። መልሳችን ይህ ነው፤ እርስዎ ይስሙት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው፥ ፊደል ያልቈጠረውም ሁሉ ታሪኩን ተከትሎት ነበር። የልጅዎ ንባብ ትርጉም አልሰጥ ካለዎት «ይህ ምን ማለት ነው? እስቲ መልሰህ በለው» ይበሉት፤ ልጁ ተመልሶ ሲያየው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያርመዋል። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ካለ ደግሞ የንባብ ቤቱ ሥርዐት በቤታችሁ ተጀመረ ማለት ነው። በክፍልም ቢሆን መምህሩ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ቢያቀማምጥ፥ አንዱ ሲያነብ ሌላው እየሰማ 30 ልጆች ባንድ ጊዜ ያነብባሉ። ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። መምህሩ እየዞረ የደከሙትን ይስማ።

መሰማት ለንባብ ብቻም አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ ከወሎው ዋድላ ጋራ የቅኔ ምንጭ ተብለው የሚጠሩ የጎጃም ቤቶች ናቸው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም ከዘመናዊው ትምህርት አስቀድሞ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ መወድስ አይጠየቅም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ለብቻው ሲያወጣ ሲያወርድ ይቈይና ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፥ ይታረማልም። ከዚያ በኋላ ነው ደረጃ በደረጃ ወደ ባለ 8 ቤቱ መወድስ የሚወጣው። በዘመናዊው ክፍል ግን ልጁ ዓመታት ሙሉ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ይኖርና አንድ ቀን በድንገት አንድ ገጽ ድርሰት ጻፍ ይባላል። ከየት ያመጣዋል? ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ዐረፍተ ነገር ከራሱ ያውጣ፤ መጻፍ ካልቻለም ይናገር። «ትናንት ማታ ጥጃችን ጠፋች። አባቴ በባትሪ ፈለጋት» ያለ ልጅ የሚናገረው አለው፤ ጓደኞቹም ተገኘች ወይ ብለው ይጠይቁታል፤ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ያን ጊዜ ይመጣል።

በቤት ለማስነበብ ከእራት በፊት ሩብ ሰዓት ትበቃለች። «አባታችን ሆይ»ንና ሌላውን በቃሉ የሚያውቀውን ጸሎት ለዚህ ፈተና አታቅርቡለት፤ ዐይኑን ጨፍኖ ይወርድላችኋልና። የበዓላት መቍጠሪያ፥ ከዘመድ የመጣ ደብዳቤ፥ የታላቅ እኅቱ መጽሐፍ፥ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ይሆናል። ከመካከል ጀምሮ ያንብብ። ቃሉን ሲስት ቶሎ አትንገሩት፤ ቀሪውን በስንጥር ወይም በጣት ሸፍናችሁ ፊደሉን አንድ በአንድ አስቈጥሩት፤ ከዚያም ገጥሞ ይጥራው።